ዲስከሶቼ ጠቆሩ፤ ጥፋቱ የኤንጅሎቹ ነው?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ ነው የምኖረው። 240 ሊትር በሚይዝ አኳሪየም ውስጥ ከዓመት በላይ ያሳደግኳቸው አራት ኤንጅልፊሽ (ኤንጅል) የሚባሉ ዓሣዎች አሉኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሦስት ቱርኮይዝ ዲስከስ የሚባሉ ክብና ጠፍጣፋ ዓሣዎች ገዝቼ ጨመርኩባቸው። አሁን ዲስከሶቹ ጠቁረዋል፣ ጥግ ይዘው ይቆማሉ፣ ምግብም እምብዛም አይነኩም። ሁለቱ ኤንጅሎች የፊልተሩን ቱቦ ሲለቅሙ ይውላሉ፤ የተጠጋቸውን ሁሉ ያባርራሉ። ውሃውን የሚያሞቀው ሂተሬ ባለ 200 ዋት ነው። ቀን 26፣ ጠዋት ስነሳ ደግሞ 24 ዲግሪ ያሳየኛል። ሁለቱን አብሮ ማኖር አይቻልም ማለት ነው?

መልስ፦ አብረው መኖር ይችላሉ፤ እርስዎ ባሉት አኳሪየም ግን አሁን በያዙት ሁኔታ አይሆንም። እርስዎን ያሳሰበዎት ጠቡ ነው። እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን 24 ዲግሪው ነው።

ዲስከስ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ይፈልጋል። ኤንጅል ከ24 እስከ 28 ይመቸዋል፤ 29ንም ይችለዋል። ስለዚህ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ጠባብ ቦታ 28 እና 29 ዲግሪ ላይ ነው። በ24 ዲግሪ የዲስከስ ሆድ በደንብ አይፈጭም፣ በሽታ የመቋቋም አቅሙ ይወርዳል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። በየሌሊቱ ሁለት ዲግሪ መውረዱ ደግሞ ድካሙን ያባብሰዋል። የአዲስ አበባን የሌሊት ብርድ ለ240 ሊትር ውሃ አንድ ባለ 200 ዋት ሂተር ብቻውን አይችለውም። ሁለተኛ ባለ 200 ዋት ይግዙና በሌላኛው ጫፍ ይትከሉት፤ አንዱ ቢበላሽ እንኳ ሌላው ያቆይልዎታል። ክዳንም ያድርጉለት። ሙቀቱን በቀን ከአንድ ዲግሪ በላይ አይጨምሩ፤ 29 ሲደርስ ይቁም።

እዚህ ላይ በውጭ አገር መመሪያዎች የማያገኙት የከተማችን ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። በባሕር ጠለል 29 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር ወደ 7.7 ሚሊግራም ኦክሲጅን ሲይዝ፣ እኛ ጋ ወደ 6 እንኳ አይደርስም። ስለዚህ ሂተር ሲጨምሩ የግድ ኤር ፓምፕም (አየር ወደ ውሃው የሚነፋ መሣሪያ) ይጨምሩ፤ የፊልተሩን መውጫ ደግሞ የውሃውን ገጽ እንዲያንቀሳቅስ ወደ ላይ ያዙሩት። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ቶሎ ቶሎ ከከፈቱ አየር አንሷቸዋል። መብራት ሲጠፋም ቀድሞ የሚያልቀው ይኸው ኦክሲጅን ነው፤ ሙቀቱን ብርድ ልብስ በመጠቅለል ለሰዓታት ማቆየት ይቻላል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኤር ፓምፕ ቤት ውስጥ ይኑርዎት።

አሁን ወደ ጠቡ። ቱቦ የሚለቅሙት ሁለቱ ኤንጅሎች ተጣምረዋል፤ እንቁላል የሚጥሉበትን ቦታ እያጸዱ ነው። ኤንጅልም ዲስከስም ሲክሊድ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ከጣናና ከዝዋይ የምናውቀው ቆሮሶም ዘመዳቸው ነው። ለመራባት ቦታ ሲይዙ ማባረር የወገኑ ጠባይ ስለሆነ በጊዜ ብዛት አይለቃቸውም። ጥንዱን ዛሬውኑ ወደ ሌላ፣ ቁመቱ ረዘም ወዳለ አኳሪየም ያውጡ። ቢቻል አራቱንም።

ዲስከሶቹ ምግቡ ላይም ተሸንፈዋል። ኤንጅል ገና እጅዎን ሲያይ ወደ ላይ ይወጣና ይውጣል። ዲስከስ ግን ቀስ ብሎ ይመጣል፣ አሸዋው ላይ በአፉ ውሃ ይነፋል፣ የተነሳውን ይለቅማል፣ ደግሞ ይመለሳል። ኤንጅል አብሮ እስካለ ድረስ በአንዱ ጫፍ የሚንሳፈፍ ምግብ ይስጡ፤ እነሱ እዚያ ሲጠመዱ በሌላው ጫፍ የሚሰምጠውን ይጣሉ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በጥቂቱ። የበሬ ልብ ዲስከስ በጣም ይወዳል። ከሥጋ ቤት ገዝተው ስቡንና ጅማቱን አንድም ሳያስቀሩ ያውጡ፣ በጥሬው ይፍጩ፣ በላስቲክ ስስ አድርገው ጠፍጥፈው ፍሪዘር ያስገቡ። ሲሰጡ የጥፍር ያህል ሰብረው ነው። ስብ ከቀረበት ዓሣው አይፈጨውም፤ ውሃው ላይም ቅባት ሆኖ ይንሳፈፍና አየር ይከለክላል። የተረፈውን ወዲያው በቱቦ ስበው ያውጡ፤ በሳምንት ሁለቴም ከውሃው ሲሶ ያህሉን ይቀይሩ።

የሚቀይሩት ውሃ በሮቶ ወይም በበርሜል አንድ ቀን በኤር ፓምፕ ተንፍሶ ክሎሪኑ የወጣለት፣ ሙቀቱም እኩል የሆነ ይሁን። ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) የሚለኩትም ከዚያ በኋላ ነው፤ ከቧንቧ እንደተቀዳ የሚገኘው ቁጥር ያሳስታል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃ ለስላሳ ነው፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ማዕድን ይበዛበታል። በእርባታ ያደገ ዲስከስ 7.5 ፒኤችን ይለምዳል። በኬሚካል ለማውረድ አይሞክሩ፤ ከቁጥሩ ይልቅ መዋዠቁ ይጎዳዋል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ዓይነ ምድራቸውን ይመልከቱ። ነጭ፣ ክር መሰል ከሆነ፣ ውሃው 29 ደርሶ ሳምንት ቆይቶም ካልበሉ፣ የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ መጠርጠር አለበት። መድኃኒቱ ሜትሮኒዳዞል ነው፤ መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይወስን። ኤንጅሎች ጤነኛ መስለው ይህን ተውሳክ ሊይዙ ይችላሉና የእነሱን መረብ ለዲስከሶቹ አይጠቀሙ።

ለወደፊቱ ግን መምረጥ ይኖርብዎታል። ዲስከስ በቡድን የሚኖር ዓሣ ነው፤ ሦስት ሲሆኑ ኃይለኛው ዱላውን ሁሉ ደካማው ላይ ያሳርፋል፤ አምስት ስድስት ሲሆኑ ይከፋፈላል። ለአንዱ 40 ሊትር ያህል ስለሚያስፈልግ የእርስዎ 240 ሊትር አምስት ዲስከስ ይችላል፣ ያለ ኤንጅል። እኔ ብሆን ይህን ነው የማደርገው። ሁለቱንም አልተውም ካሉ 400 ሊትር ያዘጋጁ፤ ስድስት ዲስከሶች አስቀድመው ገብተው ቦታውን ይልመዱ፤ ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ገና ትንንሽ ኤንጅሎችን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በለይቶ ማቆያ አቆይተው ይጨምሩ። ካደጉ በኋላ ሁለቱ ቱቦ መልቀም ሲጀምሩ፣ እንቁላሉን ሳይጠብቁ ያውጧቸው።