እግሩ የስፌት መኪናውን እምቢ ሲለው

ልጆቼ፣ ደሴ ላይ በሕክምና ሽበት ያወጣሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ስለ አንድ የኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ ልንገራችሁ።

ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛል፣ ያስመልሰኛል ብሎ መጣ። ውጭ የተሰለፈውን ሰው እያሰብኩ ማስታገሻ ጻፍኩለት። ሲመለስም መድኃኒቱን ቀይሬ ሸኘሁት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በሦስተኛው ባለቤቱ አብራው ገባች። «ዶክተር፣ ግራ እግሩ መኪናውን መርገጥ እምቢ ብሎታል። ጠባዩም ተለውጧል፤ ዝምተኛ የነበረው ሰው ደንበኛ ይቆጣል» አለችኝ። ያኔ ነው የዓይን መመርመሪያዬን ከመሳቢያ ያወጣሁት። የዓይን ነርቩ ጫፍ አብጦ ጠርዙ አይለይም። ጭንቅላቱ ውስጥ ግፊት አለ ማለት ነው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም፣ በመጀመሪያው ቀን ላየው እችል ነበር።

ኤምአርአዩ ዙሪያው እንደ ቀለበት የሚያበራ እብጠት አሳየ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የአንጎል ቲቢም፣ መግል የቋጠረ እብጠትም እንዲሁ ቀለበት ሠርተው ይታያሉ፣ እነሱ ደግሞ የሚድኑ ናቸው። ናሙና ሳይመረመር ለማንም ካንሰር ነው እንዳትሉ። የሱ ግን ግላዮብላስቶማ የሚባል የአንጎል ካንሰር ዕጢ ሆነ፤ አራተኛ ደረጃ፣ ሥሩን በአንጎል ውስጥ የሚሰድ፣ በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ተለቅሞ የማያልቅ።

ዴክሳሜታዞን ስንጀምርለት በሁለት ቀን ቀና አለ፣ ቤተሰቡም ዳነልን ብሎ እልል አለ። መድኃኒቱ በዕጢው ዙሪያ ያለውን እብጠት እንጂ ዕጢውን እንደማያጠፋ ያኔውኑ ንገሯቸው፣ ካልነገራችኋቸው ቀጠሮውን ይተዉታል። ዋናው ሕክምና የሚቻለውን ያህል ቆርጦ ማውጣት፣ ከዚያ ለስድስት ሳምንት 30 ጊዜ ጨረር ቴሞዞሎሚድ ከሚባል የካንሰር ክኒን ጋር ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ክኒኑ በጨረሩ ላይ ሲጨመር ግማሾቹ ታካሚዎች በሕይወት የቆዩበት ጊዜ ከ12.1 ወር ወደ 14.6 ወር ነው ከፍ ያለው። ትንሽ ይመስላል፣ ለቤተሰብ ግን ትንሽ አይደለም። ጨረሩ ደግሞ አዲስ አበባ ነበር፣ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር። ጠበል ወይም ዱዓ እንሂድ ሲሏችሁ አትከልክሉ፣ ክኒኑን እንዳያቋርጡ ብቻ ለምኗቸው።

ወንድሞቹ «እንዳትነግረው» ብለው ለመኑኝ። እሱ ግን ራሱ ጠየቀኝ፣ እኔም እጁን ይዤ ነገርኩት። በማግስቱ የዱቤ ደብተሩን አስመጣ። ያልተሰፉትን ጨርቆች እያንዳንዳቸው ላይ የደንበኛውን ስም እያስጻፈ፣ በትልቁ ልጁ እጅ አንድ በአንድ መለሰላቸው።