ልጄ ጥናት ውስጥ ይግባ ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) ይዞት ጎንደር ሆስፒታል ተኝቷል። 15 ኪሎ ነው። ለአዲስ መድኃኒት ጥናት ፈርም አሉኝ። ደሙን ይጨርሱታል ብዬ ፈራሁ። እምቢ ብልስ ያስወጡት ይሆን? (የመተማ አባት)

መልስ፦ አያስወጡትም። ባይፈቅዱ የተለመደውን ሕክምና ያገኛል፤ ፈርመው ከገቡ በኋላም ማቋረጥ ይችላሉ። ማንበብ ካልቻሉ ምስክር ባለበት ይነበብልዎና በጣት አሻራ ይፈርማሉ። ልጁም በሚገባው መጠን ይጠየቃል።

ስለ ደሙ፦ የሕፃን ደም በኪሎ 80 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ ልጅዎ 1200 ሚሊ ሊትር ያህል አለው። በብዙ ጥናቶች የሚሠራበት ገደብ በአንድ ጊዜ 1 በመቶ፣ በ4 ሳምንት 3 በመቶ ነው፤ ማለትም 12 እና 36 ሚሊ ሊትር። ግን ካላዛር ራሱ ደም ያሳንሳል፤ ስለዚህ «ሄሞግሎቢኑ (የደም ማነስ መለኪያው) ስንት ነው? ከስንት በታች ቢወርድ ደም መቅዳቱን ትተዋላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ይህን ጥያቄ ብዙ ወላጅ ይረሳዋል።

የትኛው መድኃኒት እንደሚደርሰው የሚወስነው ዕጣ እንጂ ሐኪሙ አይደለም። ጎንደርም በተሳተፈችበት፣ ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ አንዱ ወገን ለ17 ቀን በየቀኑ ሁለት መርፌ ሲወጋ ሌላው ለ14 ቀን በየቀኑ አንድ መርፌና ሚልቴፎሲን የተባለ የሚዋጥ እንክብል ወሰደ፤ የመዳኑ መጠን ተቀራራቢ ነበር። እንክብሉ ያስመልሳል፤ ከምግብ ጋር ይሰጣል። ቢያስመልሰው በራስዎ አይድገሙ፣ ነርሷን ይጥሩ።

የትራንስፖርትና የ6 ወር ክትትል ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ ሌሊት የሚደወልበት ስልክም በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ቅጂውን ይያዙ።