የቡና መፈልፈያው ውሃ ወንዛችንን አጠቆረው፤ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ ቀበሌያችን ከጅማ ከተማ ብዙም አይርቅም። በቡና ለቀማ ወቅት ከበላያችን ያለው የእሸት ቡና መፈልፈያ የሚለቀው ውሃ ወንዙን ያጠቁረዋል፤ ሽታው አያስቀምጥም፤ ከብቶቻችንም አይቀምሱትም። በእድራችን ተመካክረን ወንዙ ዳር ቬቲቨር (ሥሩ ጠልቆ አፈር የሚይዝ ሳር) ልንተክል ነው። ይበቃል?

መልስ፦ ሐሳባችሁ የሚደገፍ ነው፤ ሳሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ሥራው ከመፈልፈያው ግቢ መጀመር አለበት።

ወንዙን የሚገድለው ከፍሬው ላይ የሚታጠበው ስኳርነት ያለው ሙጫ ነው። ሙጫው ሲብላላ ውሃው እንደ ኮምጣጤ ይኮመጥጣል፤ ኦክስጅኑ ያልቅና ዓሣው ይሞታል። ከጥቅምት በኋላ ደግሞ ወንዙ ራሱ እየጎደለ ስለሚሄድ ቆሻሻውን የሚያቀጥን ውሃ አይኖርም።

ከባለቤቱ ጋር ስትቀመጡ መጀመሪያ የውሃውን መጠን አንሱ። በቀን 5,000 ኪሎ እሸት የሚፈለፍል ጣቢያ ለአንድ ኪሎ 10 ሊትር ከተጠቀመ 50 ሜትር ኩብ ቆሻሻ ውሃ ያወጣል። 5 ሜትር በ5 ሜትር ሆኖ 2 ሜትር የጠለቀ ጉድጓድ በአንድ ቀን ሞላ ማለት ነው! የመፈልፈያውን ውሃ አጣርቶ በዚያው ቀን መልሶ ቢጠቀምበትና ወደ 4 ሊትር ቢያወርደው 20 ሜትር ኩብ ብቻ ይሆናል። ቆሻሻው ውሃ የሚጠራቀምባቸው ጉድጓዶች ከወንዝና ከምንጭ ርቀው፣ ሁለት ሦስት ሆነው ተከታትለው ይቆፈሩ። የመጀመሪያው ዝቃጩን ይይዛል፤ ከሚቀጥለው ለቀማ በፊት ካልተጠረገ ግን ቶሎ ሞልቶ ይገነፍላል።

ቀዩ ልጣጭ ከእሸቱ ክብደት 40 በመቶ ገደማ ስለሆነ በውሃ እየተገፋ ወደ ቦይ አይግባ። ለብቻው ተወስዶ ከፍግና ከጥቂት አመድ ጋር ተደራርቦ ይከመር፤ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ይገላበጥ። በእጅ ሲጨመቅ ውሃው ከወረደና ከሸተተ ደረቅ ሣር ጨምሩበት። በሦስት አራት ወር ለቡናው እግር የሚሆን ኮምፖስት ይወጣዋል።

ቬቲቨሩን ከመጨረሻው ጉድጓድ በታች፣ ዝናቡ ሲደላደል በሰኔ ትከሉት። ከጉቶው ሁለት ሦስት ቀንበጥ እየገነጠላችሁ ቅጠሉን 20፣ ሥሩን 10 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። በ10 እና በ15 ሳንቲ ሜትር መካከል እያራራቃችሁ ተዳፋቱን አግድም ይዛችሁ ደርድሩት። የደረቀውን ክረምቱ ሳይወጣ ተኩ፤ ክፍተት ከተገኘ ጎርፉ እዚያው ይሰበስብና መስመሩን ይበጥሰዋል። ገና ሥር ያልሰደደ ሳር ላይ ጥሬውን ቆሻሻ ውሃ አትልቀቁ፤ ኮምጣጣው ያቃጥለዋል።

ከእድሩ ሁለት ሰው መድቡ። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት ከመፈልፈያው በላይም በታችም ውስጡ በሚታይ ጠርሙስ ውሃ ይቅዱ፤ ቀኑን፣ ቀለሙንና ሽታውን ይጻፉ። የላይኛው ጠርሙስ ከሌለ «ቆሻሻው ከላይ የመጣ ነው» ለሚላችሁ መልስ አይኖራችሁም። ንግግሩ ካልሠራ መዝገቡን ይዛችሁ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አመልክቱ። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ማንኛውም ሰው በግሉ መጎዳቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።