ነፃ የሆኑትን የኦንላይን ሮል ፕሌይንግ ጨዋታዎች ያለ ዊንዶውስ ስለመጫወት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ላላዩት ላስታውስ፦ አራት ኪሎ ነህ፣ ዩዝድ የገዛኸው ቲንክፓድ ላይ ሊኑክስ ሚንት ጭነሃል፣ እህትህ ደግሞ ኤም 1 ማክቡክ አላት። ድሮ በወር ይከፈልባቸው የነበሩ ጨዋታዎች ነፃ መሆናቸውን ሰምተህ፣ በተለይ «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ኦንላይን» ዊንዶውስ ሳይጫን ይሠራ እንደሆነ፣ ካልሆነም በየትኛው ብትጀምር እንደሚሻል ጠየቅህ። «ዊንዶውስ ጫንና ተገላገል» ብለው የመለሱልህ ልጆች ለአንተው አስበው ነው። እኔ ግን ፒያሳ ቤቴ ሆኜ ለዓመታት የተጫወትኩት ሊኑክስ ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይቻላል ብዬ ልጀምር። ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ይህን ያዝ፦ ጨዋታው ራሱ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው መግቢያው ነው። አንድ ጨዋታ ከወር ክፍያ ወደ ነፃ ሲዞር ኩባንያው ገንዘቡን ከመደብር ሽያጭ ማግኘት አለበት። ስለዚህ ላውንቸሩ (ጨዋታውን የሚከፍትልህ መግቢያ ፕሮግራም) ላይ ማስታወቂያ፣ ዜናና የአካውንት ገጽ ይደረደርበታል፤ ቀላል የነበረው መስኮት በውስጡ ብራውዘር የተሸከመ ፕሮግራም ይሆናል። አካውንት መክፈት ነፃ ሲሆን ደግሞ ሲያጭበረብር ተይዞ የተባረረ ሰው ወዲያው ሌላ አካውንት ከፍቶ መመለስ ይችላል፤ ስለዚህ ጠንከር ያለ ፀረ ማጭበርበሪያ ይጨመራል። ሊኑክስ ላይ የሚሰናከሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሥዕሉ፣ ድምፁ፣ ውጊያው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ይሄዳል።

ለውጡ የመጣው በየተራ ነው። «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ኦንላይን» በ2009 ነፃ ሆነ። ያ ስለሠራላቸው የጨዋታው ባለቤቶች በ2010 «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ኦንላይን»ን አስከተሉ። «ስታር ዋርስ፦ ዚ ኦልድ ሪፐብሊክ» ሥራ ከጀመረ ዓመት ሳይሞላው፣ በ2012 መጨረሻ ነፃ መግቢያ ከፈተ። «ጊልድ ዋርስ 2» መሠረታዊ ክፍሉን በ2015 በነፃ ለቀቀ፤ «ኢቭ ኦንላይን» አልፋ የተባለውን ነፃ አካውንት በ2016 አመጣ፤ «አልቢየን ኦንላይን» በ2019 ተከተለ። አዲስ አበባ ላለ ተጫዋች ይህ ትልቅ ነገር ነው። በወር 15 ዶላሩ ቢገኝ እንኳ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ለብዙዎቻችን የተዘጋ በር ነበር።

አሁን ወደ ሊኑክሱ። ዋይን በ1993 የተጀመረ፣ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮጀክት ነው። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በ2018 በዋይን ላይ ተመሥርቶ ፕሮተንን አወጣና ስቲም በሚባለው የጨዋታ መደብሩ ውስጥ አስገባው። ከፕሮተን ጋር የሚመጣው ዲኤክስቪኬ ደግሞ ጨዋታው በዳይሬክት ስሪዲ (በዊንዶውስ የሥዕል ቋንቋ) የሚያዘውን ሊኑክስ ወደሚረዳው ወደ ቩልካን ይለውጠዋል። በፊት ለእያንዳንዱ ጨዋታ ማታ ማታ ላይብረሪ ስናሳድድ የነበረውን ሥራ ዛሬ ስቲም በራሱ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ጨዋታው ስቲም ላይ ካለ በዚያ ጀምር። በሌላ መንገድ መጫን የሚያስፈልግህ ስቲም ላይ ከሌለ ወይም አካውንትህ ቀድሞ ውጭ የተከፈተ ከሆነ ነው፤ ያኔ ሉትሪስ የሚባለውን የሊኑክስ ጨዋታ መጫኛ ፕሮግራም ተጠቀም።

እዚህ ላይ ግን የቲንክፓድህን ዕድሜ ማወቅ የግድ ነው፤ ማንም ያልጠየቀህም ይህን ነው። ቩልካን ሁሉም ላፕቶፕ ላይ የለም። በ2022 መጨረሻ የወጣው ዲኤክስቪኬ 2.0 ቩልካን 1.3ን ይፈልጋል፣ አዲሶቹ ፕሮተኖችም በእሱ ላይ ናቸው። የኢንቴል አብሮ ገነብ ግራፊክስ ከሆነ ፕሮሰሰሩ 6ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) እና ከዚያ በላይ ያለው ያለ ጭንቀት ይሠራል። 3ኛና 4ኛው ላይ የቩልካን ድጋፉ ጎደሎ ነው። በቲንክፓድ ቋንቋ፦ ቲ 430 3ኛ ነው፣ ቲ 440 4ኛ፣ ቲ 450 5ኛ፣ ቲ 460 6ኛ፣ ቲ 480 8ኛ። አሮጌው ከሆነ ተስፋ አትቁረጥ፤ ስቲም ውስጥ የጨዋታው ፕሮፐርቲስ ላይ ገብተህ ፕሮተን በቩልካን ፈንታ በቀድሞው የሥዕል ቋንቋ በኦፕን ጂኤል እንዲሄድ ማዘዝ ትችላለህ። ይዘገያል፣ ግን ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስን የመሰለ በ2007 የወጣ ጨዋታ ግራፊክሱ ዝቅ ሲል በዚያም ይጫወታል። ላፕቶፕ ገና ሊገዛ ያሰበ ሌላ ሰው ይህን እያነበበ ከሆነ፣ ሻጩ ራሙን ሲያወድስልህ አንተ ጀነሬሽኑን ጠይቅ።

ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ኦንላይንን በተመለከተ፦ ስቲም ላይ አለ፣ በፕሮተን ይነሣል። ላውንቸሩ ነጭ ሆኖ ቢቀር ወይም የዜናው ቦታ ባዶ ቢሆን ጨዋታው ተበላሸ ብለህ እንደገና ዳውንሎድ አታድርግ። የወደቀው ያ ብራውዘሩ ብቻ ነው። የፕሮተኑን ቨርዥን ቀይረህ ሞክር፤ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልሆነ በበጎ ፈቃደኞች የተሠራ ዋንላውንቸር የሚባል አማራጭ አለ፤ ማስታወቂያውን ሁሉ ትቶ ይለፍ ቃልህን ተቀብሎ በቀጥታ ያስገባሃል። ከገባህ በኋላ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ዶክመንትስ ውስጥ ባለው የጨዋታው ፎልደር ዩዘር ፕሪፈረንስስ የሚባል ፋይል ታገኛለህ፤ ግራፊክስ ኮር የሚለውን መስመር ወደ ዳይሬክት ስሪዲ 9 ወይም 11 መቀየር ይቻላል። አሮጌ ማሽን ላይ 9ኙ ይሻላል።

ፀረ ማጭበርበሪያው ሌላ ታሪክ ነው። ኢዚ አንቲ ቺትና ባትል አይ የሚባሉት ሁለቱ ከ2021 ጀምሮ በፕሮተን መሥራት ይችላሉ፤ ግን የጨዋታው ባለቤት ራሱ ካልፈቀደ አይሠሩም። «ሎስት አርክ» ነፃ ነው፣ ስቲም ላይ ነው፣ ሊኑክስ ላይ ግን ይህ በር ስለተዘጋ አያስገባም። እዚህ ላይ ዋይን ማስተካከል ምንም አያመጣም። «ማለፊያ አለኝ» የሚል ፋይል ቴሌግራም ላይ ብታይ አትንካው፤ አካውንትህን ታጣለህ፣ የይለፍ ቃልህም ምን ላይ እንደሚውል አታውቅም። ይህን አጥብቄ የምነግርህ ብዙ ወር የለፉበትን ገጸ ባሕሪ እንዲህ ያጡ ልጆች ስለማውቅ ነው።

ስለዚህ ዳውንሎድ ከመጀመርህ በፊት ፕሮተን ዲቢ የሚባለውን ድረ ገጽ ክፈት። ተጫዋቾች በየማሽናቸው የሆነላቸውን ይጽፋሉ። አጠቃላይ ደረጃውን አይተህ አትመለስ፤ በቅርብ ወራት የተጻፉትንና እንዳንተ ኢንቴል ግራፊክስ ያላቸውን ሰዎች አንብብ። ከዓመት በፊት ወርቅ የተባለ ጨዋታ ላውንቸሩ ተቀይሮ ዛሬ ላይነሣ ይችላል።

ይህን ሁሉ የምለው እኛ ጋ «ነፃ» የሚባለው ጨዋታ ዋጋው ዳታ ስለሆነ ነው። ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ከ30 ጊጋ በላይ ይወስዳል፣ ጊልድ ዋርስ 2 ከዚያም ይበልጣል። በሞባይል ፓኬጅ ይህን ማውረድ አያዋጣም። ዊንዶውስ ላይ የሚጫወት ጓደኛ ካለህ ሃርድ ዲስክ ይዘህ ሂድና ፎልደሩን ገልብጥ፤ የጨዋታው ፋይል ለዊንዶውሱም ለፕሮተኑም አንድ ነው። ጊልድ ዋርስ 2 ይበልጥ ይመቻል፣ ሁሉንም ማለት ይቻላል በአንድ ግዙፍ ፋይል ነው የሚያስቀምጠው። ስቲም ከሆነ በስቲምአፕስ ውስጥ ካለው የጨዋታ ፎልደር ጋር አፕ ማኒፌስት የሚባለውን ትንሽ ፋይልም አብረህ ውሰድ፤ ከዚያ ፋይሎቹን እንዲያጣራ እዘዘው፣ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ ጨዋታውን ከዚያው ከውጭ ዲስኩ ላይ አታስነሣ። ለዊንዶውስ በሚመች መንገድ ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት ተብሎ ፎርማት የተደረገ ዲስክ ላይ ፕሮተን ይታመሳል። ወደ ሊኑክሱ ክፍልፍል ገልብጠህ ተጫወት።

መብራት ስለመጥፋቱ ለጠየቀው ሌላው ልጅም ልመልስ፦ ገጸ ባሕሪህ ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው፣ መብራት ቢሄድ የደረስክበት አይጠፋም። አደጋው አፕዴት እየወረደ ሳለ ሲቋረጥ ነው፤ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። አፕዴት ባለበት ቀን ባትሪህን ሙላ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ከሌለህ አትጀምረው።

የእህትህ ማክ በሌላ መንገድ ነው የሚታየው። አፕል በ2018 ኦፕን ጂኤልን ወደ ጡረታ መንገድ አስገባው፤ በ2019 ካታሊና በተባለው የማክ ሲስተም ባለ32 ቢት ፕሮግራሞችን ጨርሶ ዘጋ። የሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ የማክ ክላየንት (ማሽኑ ላይ የሚጫነው የጨዋታው ፕሮግራም) የቀረው በዚህ ነው። ጊልድ ዋርስ 2ም በ2021 ማኩን ተወ። በኤም 1 ላይ ያለ ጣጣ የሚሄደው በቀጥታ ለእሱ የተሠራው ነው፦ «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ገና ኤም 1 ሲወጣ ጀምሮ ይደግፈዋል፣ እስከ ደረጃ 20 በነፃ ያስኬዳል፤ ኢቭ ኦንላይንም የራሱ የማክ ክላየንት አለው። «ፋይናል ፋንታሲ 14» ለማክ በይፋ ይወጣል፣ ነፃ ሙከራው እስከ ደረጃ 70 ያለ ጊዜ ገደብ ነው፤ እኔ ካየኋቸው ነፃ ነገሮች ሁሉ በታሪክ ብዛት የሚስተካከለው የለም። የቀረውን የዊንዶውስ ጨዋታ ክሮስኦቨር በሚባል፣ ዋይንን ማክ ላይ በሚያስኬድ ፕሮግራም መሞከር ይቻላል፤ እሱ የሚገዛ ነው፣ ለሁለት ሳምንት ግን በነፃ ያስሞክራል። ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ በእሱ ይሄድ እንደሆነ በእነዚያ ቀናት ውስጥ አረጋግጡ እንጂ አስቀድማችሁ ገንዘብ አትክፈሉ።

በየትኛው ልጀምር ላልከው፣ የእኔ ምክር አልቢየን ኦንላይን ወይም «ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ» ነው። አልቢየን ለሊኑክስም ለማክም የራሱ ክላየንት አለው፤ ዋይንም ፕሮተንም አያስፈልግህም። ስልክ ላይም ስላለ ታክሲ ውስጥ ሆነህ በዚያው አካውንት ትቀጥላለህ። ከ2024 ወዲህ አውሮፓ ውስጥ ሰርቨር ስላለው እሱን ምረጥ፤ ገጸ ባሕሪህ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ስለማይሻገር መጀመሪያ ላይ ጓደኞችህ የት እንዳሉ ጠይቅ።

ሩንስኬፕን የምወድበት ምክንያት ከኮኔክሽናችን ጋር ስለሚስማማ ነው። ጨዋታው የሚቆጥረው በ0.6 ሰከንድ ምት ነው፤ ትእዛዝህ በሚቀጥለው ምት ላይ ነው የሚፈጸመው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ ሄዶ መመለሱ የሚፈጀው ጊዜ ፈጣን ውጊያ ባለበት ጨዋታ ላይ የሚያናድድህን ያህል እዚህ አያናድድህም። እንግሊዝና ጀርመን ያሉትን ዓለሞች (ሰርቨሮቹን እንዲህ ነው የሚሏቸው) ምረጥ። የመግቢያው ችግር ግን እዚህም አለ፦ አዲሱ አካውንት በጃጌክስ ላውንቸር በኩል ነው የሚገባው፣ ላውንቸሩ ደግሞ ለሊኑክስ አልወጣም። ስቲም ላይ ያለውን ብትይዝ ይህ ችግር አይነካህም። ሩንላይት የሚባለውን ሌላ የጨዋታውን ክላየንት የሚፈልጉ ቦልት የሚባል በፈቃደኞች የተሠራ ላውንቸር ይጠቀማሉ፤ ይፋዊ አለመሆኑን አውቀህ ግባበት።

ልብህ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ላይ ከሆነ በ2025 ከተከፈቱት ባለ64 ቢት ሰርቨሮች አውሮፓ ያሉትን ምረጥ። እዚያ ደግሞ ሌላ መልካም ነገር አለ፦ የመደብሩን ነጥብ በጨዋታው ውስጥ ተልእኮና ገድል እየፈጸሙ ማግኘት ይቻላል። ዶላር ሳትነካ፣ ጊዜህን ሰጥተህ ቀስ በቀስ የተዘጉትን ትከፍታለህ። አልቢየንም የፕሪሚየሙን ጊዜ በጨዋታው ብር ያስገዛል፤ ኢቭና ሩንስኬፕም ተመሳሳይ መንገድ አላቸው፣ ለጀማሪ ግን ረጅም ነው።

አሁን ተርሚናል ክፈትና የፕሮሰሰርህን ስም፣ ዲስክህ ላይ ስንት ጊጋ ባዶ እንዳለህ እዚሁ ጻፍልኝ። 6ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ከሆነ በቀጥታ ስቲምን ጫን። 3ኛ ወይም 4ኛ ከሆነ ለኦፕን ጂኤል የሚገባውን ትእዛዝ ፊደል በፊደል እልክልሃለሁ። የሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ፎልደር እኔ ጋ አለ፤ ፒያሳ ብቅ ካልክ ሃርድ ዲስክህን ይዘህ ና።