ቆሮሶው ላይ ስላየኸው ቢጫ ትል

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደርሶኛል። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ በመንጠቆ ያወጣኸው ቆሮሶ (ቴላፒያ የሚሉት ዓሣ) ጎኑ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ አለው፤ የጉንጩን ክዳን ስትገልጥ ደግሞ ቢጫ ነገር ተለጥፎ አገኘህ። አብሮት የወጣው አምባዛም (ቅርፊት የሌለው ባለ ጢሙ ዓሣ) ዥጉርጉር ሆኖብሃል፤ ጅራቱ አጠገብም ቀይ ነጥብ አይተሃል። «ልጣለው ወይስ ይበላል?» ነው ያልከኝ። በደንብ ከበሰለ ይበላል። ጥሬውን ግን እንዳትሞክረው።

አምባዛው ላይ ብዙ አንቆይ። ዥጉርጉርነቱ የተፈጥሮ መልኩ ነው፤ ሲጨናነቅማ ጭራሽ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ቦግ ይሉበታል። ቆሮሶም ጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ጠቆር ያሉ መስመሮች አሉት፤ አንዴ ይደምቃሉ አንዴ ይደበዝዛሉ፣ አያስደንግጡህ። ከጭንቅላቱ ኋላ ዙሪያውን ቅርፊቱ ተልጦ ቀላ ካለ ደግሞ የመረብ ጠባሳ ነው።

ነጠብጣቡን በጥፍርህ ፈትነው። የመርፌ ራስ የምታህል ሆና፣ ስትፈትጋት የማትለቅ፣ ከጥፍርህ ሥር እንደ አሸዋ የምትቆረቁር ከሆነች ውስጧ የትል እጭ ተኝቷል። ጥቁሩ ቀለም ግን የትሉ አይደለም፤ ዓሣው ራሱ ነው እጩን በቀለም የከበበው። ቆዳውን ገፈህ አብስለውና ብላ፣ ምንም አይልህም።

ቢጫው ሌላ ነው። ክሊኖስቶመም ይባላል። ከ3 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጠፍጣፋ ትል ሲሆን ስስ ከረጢት ውስጥ ተኮራምቶ ይቀመጣል፤ ከረጢቱን በቢላ ጫፍ ወጋ ብታደርገው ቀስ ብሎ ይወጣና እየተለጠጠ እየተኮማተረ ሲሳብ ታየዋለህ። (ምሳ ሰዓት ላይ ባትሞክረው ይሻላል።) ዋናው ቤቱ የዓሣ በሊታ ወፎች አፍና ጉሮሮ ነው። ወፏ ዓሣ ስታድን እንቁላሉ ውኃ ውስጥ ይወርዳል፣ የሚፈለፈለው እጭ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ከዚያ ወጥቶ ዓሣው ላይ ይሰፍራል፣ ዓሣውን ወፍ ስትበላው ትሉ ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው። ቀንድ አውጣ የሚበዛው ሣር ባለበት ዳር ዳሩን ስለሆነ፣ እዚያ አካባቢ ስታጠምድ ይህን ትል ብታገኝ አይግረምህ።

አንተ ያላየኸው ሌላም አለ። ቆሮሶውን ከጉሮሮው በታች ሰንጥቀህ ልቡ ያለበትን ከረጢት ክፈት። ቀላ ያለ፣ ክብልል ብሎ የተጠቀለለ ድቡልቡል ትል ካገኘህ ኮንትራሲከም ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያድገው እንደ ፔሊካን ያሉ ወፎች ሆድ ውስጥ ነው። እንዲህ ዓይነት ትል፣ ዓሣው ከሞተ በኋላ ሆድ ዕቃው ሳይወጣ ከቆየ ወደ ሥጋው ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ዓሣውን እንዳወጣህ እዚያው ሆዱን አጽዳ። ፀሐይ ላይ በፌስታል ጠቅልሎ ቤት ድረስ መውሰድ የሚሉት ነገር ይቅርብህ።

አሁን ወደ ጥሬው። ሐዋሳ ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄደህ ጥሬ ፊሌቶ በዳጣ (በሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ) የማይበላ ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ሎሚ ጨመቅ፣ ዳጣ ነካ ካደረጉት የሚያበስለው ይመስላቸዋል። ሎሚም ሆነ ዳጣ ትል አይገድልም። ክሊኖስቶመም በሕይወት ከተዋጠ ሰው ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያሳብጣል፤ ጃፓንና ኮሪያ ውስጥ ጥሬ ዓሣ የበሉ ሰዎች ላይ ተገኝቷል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም፣ ግን ለአንድ ጉርሻ ብለህ ለምን? ለብለብም ያው ነው፣ መሐሉ ጥሬ ከሆነ አይቆጠርም። ሥጋው መሐሉ ድረስ 63 ዲግሪ መድረስ አለበት። ቴርሞሜትር ከሌለህ ሹካ ስታስገባበት ነጭ ሆኖ እየተላጠ መውጣቱን እይ። የግድ ጥሬውን ካልክ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን ይቀመጥ፤ የቤት ፍሪጅ በረዶ ቤት ግን ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይቀዘቅዝም።

የምትጥለውን ልንገርህ፦ ጥልቅ ቁስል ያለበት፣ ቁስሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር የበቀለበት፣ ሆዱ ተነፍቶ ሲከፈት የሚሸት። ትል ያለበትን ሆድ ዕቃ ደግሞ ሐይቁ ውስጥ አትወርውር፣ ለድመትም አትስጥ፤ ቅበረው። አምባዛው ጅራት አጠገብ ያለችውን ቀይ ነጥብ ግን ከጽሑፍህ መለየት አልቻልኩም፤ ከጎኗ ሳንቲም አስቀምጠህ ቀን ላይ ፎቶ አንሳና ላክልኝ።