አባትን ሳይገለብጡ አባትን መሳል

"ሠዓሊው አባቴ ካረፉ ወዲህ አብስትራክት (የነገሮችን መልክ ሳይገለብጥ በቀለምና በመስመር የሚሠራ ሥዕል) በጀመርኩ ቁጥር እሳቸው የሣሉትን ይመስልብኛል፤ ምን ላድርግ?" ላልሽው፦ ቀለማቸውን ለጊዜው አስቀምጪው። የሠዓሊ እጅ ቶሎ የሚታወቀው በቀለም ምርጫው ነው። በጥቁር፣ በነጭና እሳቸው እምብዛም በማይነኩት አንድ ቀለም ብቻ ሥሪ። የመስመራቸው አካሄድ እጅሽ ላይ ከቀረ ግን አትታገዪው። እሱ ርስትሽ ነው።

ሌላው፣ "ሐዘንን ልሳል" ብለሽ አትነሺ። ሐዘን ቅርጽ የለውም፤ ሸራውን ጥቁር በጥቁር አድርገሽ ትተዪዋለሽ። ከሚታይ ነገር ጀምሪ። ኮታቸው ክንድ ላይ የቀረውን እጥፋት አንሺና መስመሩን ብቻ አሳድጊው፣ ድገሚው፣ ቁረጪው። ኮትነቱ እስኪጠፋ ድረስ። እኔ እስካሁን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

ሠዓሊውን ገብረ ክርስቶስ ደስታን አስቢ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። እሱ ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰ። "ጎልጎታ" የተሰኘው ሥዕሉ የስቅለቱን ታሪክ ይዟል፤ አሳሳሉ ግን የራሱ ነው። ጉዳዩን ወርሶ አነጋገሩን ለወጠ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አባትሽ ሳይጨርሱ የተዉትን የዘይት ቀለም ሸራ እቀጥላለሁ ካልሽ፣ በአክሪሊክ (በውኃ በሚቀጥን ቀለም) እንዳትነኪው። አክሪሊክ ዘይት ላይ በደንብ አይዝም፤ ሲቆይ ተልጦ ሲወርድ አይቻለሁ። መጀመሪያ ጥሩ ፎቶ አንሺው፤ ከዚያ በዘይት ቀለም ብቻ ቀጥይ። ገና ካልወሰንሽ ደግሞ እንዳለ ይቀመጥ፤ አንቺ በአዲስ ሸራ ጀምሪ።