ደመወዙ ለእናንተ፣ መሪው ለእኛ

ልጆቼ፣

የዲትሮይት ሦስቱ መኪና ሠሪዎች፣ ጄኔራል ሞተርስ፣ ፎርድና ክራይስለር፣ ለምን ወደቁ ሲባል ሁለት መልስ ይሰማል። አንዱ «የሠራተኛ ማኅበሩ በላቸው» ይላል፤ ሌላው «አለቆቹ ስግብግብ ነበሩ» ብሎ ወሬውን ይዘጋል። ሁለቱም ውሉን ገልጦ ያላየ ሰው መልስ ነው። ፋብሪካ፣ መጋዘን፣ ኤርፖርት ወይም ሆቴል ሥራ ለምትጀምሩት ይህን የምጽፈው፣ እናንተም አንድ ቀን እንዲያው ያለ ውል ከፊታችሁ ስለሚቀመጥ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ተረዱልኝ።

ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ሥሩ ያለው 1945 ላይ ነው። ዩኤደብሊው የሚባለው የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ጄኔራል ሞተርስ ላይ አድማ መታ። ድርድሩን የመራው ዋልተር ሩተር ሁለት ነገር አንድ ላይ ጠየቀ፦ የ30 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ፣ የመኪና ዋጋ ሳይጨምር። አቅም የለንም ካላችሁ ደግሞ የሒሳብ መዝገቡን አሳዩን አለ። አድማው 113 ቀን ቆየ። በመጨረሻ ለሠራተኛው በሰዓት 18 ሳንቲም ተኩል ተጨመረለት፣ መዝገቡ ግን እንደተዘጋ ቀረ። በ1948 ደመወዙ ከኑሮ ውድነት ጋር አብሮ እንዲያድግ ተስማሙ። በ1950 ደግሞ የአምስት ዓመት ውል ተፈረመ፤ ጡረታ ገባ፣ የሕክምናውንም ግማሽ ኩባንያው ሊከፍል ተስማማ።

ጥሩ ውል ነበር። የሠራተኛ ልጅ ኮሌጅ የገባው በዚያ ገንዘብ ነው። ግን ያልተሰጠውን ነገር ልብ በሉ። ምን ዓይነት መኪና ይሠራል፣ በስንት ይሸጣል፣ የመገጣጠሚያው መስመር በምን ፍጥነት ይሄዳል፣ የትኛው ፋብሪካ ይዘጋል፣ እነዚህ ሁሉ የኩባንያው ብቻ ሆነው ቀሩ። የመኪና ቋንቋ ካስፈለገ፣ ሠራተኛው ነዳጁን አገኘ እንጂ መሪውን አልነካም። በ1949 ማኅበሩ ራሱ ኩባንያዎቹ አነስ ያለ መኪና እንዲሠሩ በጽሑፍ ጠይቆ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲተኮስ ያቺን አነስተኛ መኪና ይዘው የመጡት ጃፓኖች ናቸው።

ጡረታው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሩተር የፈለገው የጡረታው ገንዘብ ከብዙ ኩባንያ ተዋጥቶ በአንድ ቋት እንዲቀመጥ ነበር፤ ሕክምናውንም መንግሥት ለሁሉም ዜጋ ቢያደርገው ይመርጥ ነበር። ኩባንያዎቹ አልፈለጉም። እያንዳንዱ የራሱን ቃል ለራሱ ሠራተኛ ሰጠ። ኩባንያው ሲያድግ ይህ አይከብድም፦ በ1962 ጄኔራል ሞተርስ አሜሪካ ውስጥ 464,000 ሠራተኛና 40,000 ጡረተኛ ነበረው። በ2005 ገደማ ግን ሠራተኛው ወደ 141,000 ወርዶ ጡረተኛው 453,000 ደርሷል። አሥራ አንድ ሠራተኛ አንድ ጡረተኛ ይሸከም የነበረበት ቤት፣ አንድ ሠራተኛ ሦስት ሰው የሚሸከምበት ሆነ። በ2008 «የዲትሮይት ሠራተኛ በሰዓት ከ70 ዶላር በላይ ያገኛል» እየተባለ በየቴሌቪዥኑ ሲወራ፣ ለነባሩ ሠራተኛ የሚከፈለው ደመወዝ 28 ዶላር ገደማ ነበር። የቀረው ጥቅማጥቅምና የጡረተኛው ወጪ ተደምሮ የተከፋፈለ ቁጥር ነው። ቁጥር ሲነገራችሁ ምን ተደምሮ፣ በምን ተካፍሎ እንደመጣ ጠይቁ።

ቃል የተገባ ጡረታ ገንዘቡ ካልተቀመጠለት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ስቱድቤከር የሚባል መኪና ሠሪ ነበር፣ ሳውዝ ቤንድ፣ ኢንዲያና። በ1963 መጨረሻ እዚያ ያለውን ፋብሪካ ዘጋ። ቋቱ ሲከፈት፣ 60 ዓመት የሞላቸው ጡረታቸውን አገኙ። ከ40 እስከ 59 ያሉት ወደ 4,000 ሰዎች ከሚገባቸው 15 በመቶ ያህሉን ብቻ ወሰዱ። ከዚያ በታች ያለው ባዶ እጁን ሄደ። የጡረታ ዋስትና ድርጅት ያቋቋመው የ1974ቱ ሕግ ሲወጣ በዋናነት ይነሳ የነበረው ይህ ጉዳት ነው። ዛሬ አዲስ የሚቀጠር ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ፎር ኦ ዋን ኬ (401(k)) የሚባለውን፣ በራሱ ስም የሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ ነው። ስለዚህ ስትቀጠሩ ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ ኩባንያው ከደመወዛችሁ ስንት በመቶ ያስገባል፣ እናንተ ካላስገባችሁም ያስገባል ወይ፣ ያስገባው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ የእናንተ የሚሆነው ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ሦስተኛውን ሳይጠይቅ ሁለት ወር ሲቀረው ሥራ የሚለቅ ሰው ብዙ ነው።

አሁን ወደ መስመሩ እንግባ። «የማኅበር ሠራተኛ ጥራት አያውቅም» ለሚለው ከሁሉ የሚሻለው መልስ ፍሪሞንት፣ ካሊፎርኒያ ነው። ጄኔራል ሞተርስ እዚያ የነበረውን ፋብሪካ በ1982 ዘጋው። ከሥራ መቅረት ብቻ 20 በመቶ ይደርስ ነበር፤ የቅሬታው ክምር በሺ ይቆጠር ነበር። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ኑሚ በሚል ስም ተከፈተ። ሕንፃው ያው፣ ማኅበሩ ያው፣ ከተቀጠሩትም አብዛኞቹ የድሮዎቹ ሠራተኞች ናቸው። ከሥራ መቅረቱ ወደ 2 እና 3 በመቶ ወረደ። በ1987 ገደማ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሲለኩት፣ ፍሬሚንግሃም የነበረው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ አንድ መኪና ለመገጣጠም 31 ሰዓት ይፈጅበታል፣ በ100 መኪናም 130 ጉድለት ይገኝበታል። ኑሚ 19 ሰዓትና 45 ጉድለት። ጃፓን ያለው የቶዮታ ፋብሪካ ራሱ 16 ሰዓት ይፈጅበታል፣ ጉድለቱ ግን ያው 45 ነው።

ምን ተቀየረ? ከመስመሩ በላይ ገመድ ተዘረጋ። በድሮው ፋብሪካ መስመር ያስቆመ ሰው መባረሩን ያውቀዋል፤ ስለዚህ ብሎኑ ሳይጠብቅ መኪናው ያልፋል፣ ሲያልቅ ግቢው ውስጥ ቆሞ ይታረማል። በአዲሱ ፋብሪካ ግን፣ ብሎን እምቢ ሲላችሁ ገመዱን ትስባላችሁ። መብራት ይበራል፣ ሙዚቃ ይሰማል፣ የቡድን መሪው ይመጣል። አንዱ ሥራ የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ገደማ ስለሆነ፣ መኪናው ከእናንተ ጣቢያ ሳይወጣ ችግሩ ከተፈታ መስመሩ አይቆምም። ካልተፈታ የተወሰነለት ቦታ ላይ ይቆማል። ቡድኑ አምስት ስድስት ሰው ነው፤ የቡድን መሪው ራሱ የማኅበር አባል ነው። ከ80 በላይ የነበረው የሥራ መደብ ለአምራች ሠራተኛ ወደ አንድ ተጠቃለለ፣ ይህንን ማኅበሩ ለቀቀ። በምላሹ ኩባንያው ሠራተኛ ከመቀነሱ በፊት የአለቆችን ደመወዝ እንደሚቀንስ በውሉ ፈረመ። ቃሉንም ጠበቀ፦ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሽያጭ ሲወርድ ሰው አላባረረም፣ ትርፉን ሰው ሥልጠና ላይ አዋለው።

ሌሎች ፋብሪካዎች ገመዱን ገዝተው ሰቀሉ። ሲሳብ የሚመጣውን ሰው ግን አልቀጠሩም፤ አለቃውም በቀን ባወጣው መኪና ብዛት መመዘኑ አልቀረም። ገመዱ ጌጥ ሆነ። አዲስ የሥራ ቦታ ስትገቡ መጀመሪያ ይህንን እዩ፦ ችግር አለ ያለ ሰው ጋ ማን፣ በስንት ደቂቃ ይደርሳል? መልሱ ስለ ቦታው ከቅጥር መግለጫው የበለጠ ይነግራችኋል።

ማኅበሩ ምንም እጁ የሌለበት ሌላ ጉዳይ ልጨምር፣ ወደ ምህንድስና ለምታዘነብሉት። ቼቭሮሌት ኮባልትና ሳተርን አዮን የሚባሉት የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች የቁልፍ ማስነሻ። ቁልፉን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል በንድፉ 20 ኒውተን ሴንቲሜትር ነው፣ ሲበዛ ሲያንስ በ5። የተመረተው ዕቃ ከዚያ በታች መሆኑ እየታወቀ በ2002 ጸደቀ። ውጤቱ፣ የከበደ የቁልፍ መያዣ ወይም የጉልበት ንክኪ ቁልፉን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ሞተሩ ይጠፋል፣ መሪው ይከብዳል፣ ኤርባጉም አይሠራም። በኋላ ውስጡ ያለችው የስፕሪንግ ዘንግ ረዘም ተደርጋ ተስተካከለች፣ የዕቃው ቁጥር ግን አልተቀየረም። ቁጥሩ ስላልተቀየረ መርማሪ የድሮውንና የአዲሱን ለይቶ ማየት አቃተው፣ ዓመታት ጠፉ። በ2014 ማስነሻው 2.6 ሚሊዮን መኪና ለጥገና አስጠራ፤ የካሳው ፈንድ 124 ሰው በዚህ ምክንያት መሞቱን ተቀብሏል። ዕቃ ሲቀየር ቁጥሩ ይቀየር፤ «ጥቃቅን ለውጥ ነው» ቢሏችሁም አትፈርሙ።

ማኅበሩስ? ንጹሕ ነው አልልም። በ1984 «የሥራ ባንክ» የሚባል ነገር ተፈረመ፤ ሥራው በማሽን የተተካበት ሠራተኛ ቁጭ ብሎ ሙሉ ሊባል የሚችል ደመወዝ ይበላ ነበር፣ እስከ 2009 መጀመሪያ። ያስቃል፣ ግን አመጣጡን እዩ፦ ፋብሪካ መዝጋትን መከልከል አልቻሉም፣ ስለዚህ መዝጋቱን አስወደዱት። መሪ የተከለከለ ሰው ፍሬን ላይ ይቆማል። ለኔ ከዚያ የሚብሰው የ2007ቱ ውል ነው። ነባሩ 28 ዶላር ሲያገኝ ከጎኑ የሚቆመው አዲስ ገቢ፣ ያንኑ በር እየገጠመ፣ 14 ዶላር ገደማ። የፈረሙት ነባሮቹ ናቸው፤ የሚከፍሉት ገና ያልተቀጠሩት። ክራይስለርና ጄኔራል ሞተርስ ግን በ2009 ኪሳራ ከመግባት አልዳኑም። ይህ ልዩነት በ2015 ውል መጥበብ ጀመረ፤ ከ2023 አድማ በኋላ ደግሞ አዲስ ገቢ በ3 ዓመት ከላይኛው ደመወዝ ይደርሳል። ውል ሲቀርብላችሁ «ለማን?» የምትለዋን ቃል በየአንቀጹ ፈልጉ።

ሌብነትም ነበር። ሁለት የቀድሞ ፕሬዚዳንቶች በማኅበሩ ገንዘብ ተፈርዶባቸው ታስረዋል። ከዚያ በኋላ አባላት መሪያቸውን በቀጥታ የመምረጥ መብት አገኙ፤ በ2023 ሾን ፌን ያሸነፈው ከ500 ባነሰ የድምፅ ልዩነት ነው። አብዛኛው አባል የድምፅ ወረቀቱን አልመለሰም። ያ ፖስታ ወደ ቤታችሁ ሲመጣ ከማስታወቂያ ጋር አብሮ እንዳይጣል።

ማኅበር ባለበት ቦታ ለምትሠሩ አሜሪካ ያላችሁ፦ አለቃ ጠርቶ ሲጠይቃችሁና ነገሩ ወደ ቅጣት የሚሄድ ሲመስላችሁ «ይህ ወደ ቅጣት ሊያመራ የሚችል ከሆነ ተወካዬ እስኪመጣ አልመልስም» በሉ። ከ1975 ጀምሮ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የጸና መብት ነው። ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አያስታውሳችሁም፣ አለቃውም የመንገር ግዴታ የለበትም። ሥራ ሲታዘዙ ትዕዛዙ ስህተት ቢመስላችሁ፣ ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ካልሆነ፣ መጀመሪያ ሥሩ፣ ከዚያ ቅሬታ ጻፉ። እምቢታ ቅጣት ያመጣል፤ ቅሬታ ግን እስከ ግልግል ዳኛ ይሄዳል። ቅሬታው ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ጣቢያ፣ የአለቃው ስም፣ ያየ ሰውና የተጣሰው አንቀጽ ቁጥር ይኑር። «በደል ደረሰብኝ» ብቻ የሚል ቅሬታ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ይሞታል። የማቅረቢያው ቀን ገደብ በውሉ ተጽፏል፣ አንዳንዱ ጥቂት የሥራ ቀን ብቻ ነው፤ ካለፈ እውነት ቢኖራችሁም አይጠቅምም።

ማኅበር በሌለበት ቦታ ከሠራተኛው 30 በመቶው ከፈረመ ምርጫ መጠየቅ ይቻላል። በ30 በመቶ ግን አትሂዱ። ከማመልከቻው እስከ ምርጫው ባለው ጊዜ አሠሪው በስብሰባ ብዙ ሰው ያስለውጣል፤ ልምድ ያላቸው ከግማሽ በብዙ ካላለፉ አይነሱም። ቻተኑጋ፣ ቴነሲ ባለው የፎክስዋገን ፋብሪካ ዩኤደብሊው በ2014 እና በ2019 ተሸንፎ፣ በ2024 በ73 በመቶ አሸንፏል። በወሩ ግን አላባማ ባለው የመርሴዲስ ፋብሪካ ተሸነፈ።

አገር ቤት መገጣጠሚያ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156 መሠረት ማኅበር ለማቋቋም 10 ሠራተኛ ይበቃል። ዕቃው ተበታትኖ ከውጭ ስለሚመጣ ንድፉ ላይ ቃል የላችሁም፤ የመጣው ብሎንና የተጠቀሰው ማጥበቂያ ኃይል ካልገጠመ ማን ጋ እንደሚጻፍና መስመሩን ማን እንደሚያስቆም ግን በኅብረት ስምምነት ማስገባት ይቻላል።

የዲትሮይቶቹ ውል ኤፕሪል 30 ቀን 2028 ያልቃል። የጥያቄው ሐሳብ የሚሰበሰበው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በየአካባቢው ስብሰባ ነው፣ ወንበሩም ያን ጊዜ ብዙውን ባዶ ነው። ከዩኤደብሊው ውስጥ ያላችሁ አገር አቀፉን ውልና የፋብሪካችሁን ውል ሁለቱንም ከተወካያችሁ ተቀበሉ። ሐሳባችሁን በአንድ ገጽ ጻፉት፦ የአንቀጹ ቁጥር፣ አሁን ያለው ቃል፣ እንዲሆን የምትፈልጉት ቃል። የስማችሁን ፊርማ አድርጉበት፤ ኮፒውን እቤት አስቀምጡ።